ባንድ ሶዋችን ጠማማ ሲቆርጥ
(የእንጨት ሥራ ክፍል አባላት በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያሰሙት ንግግር)



ለእንጨት ሥራ ክፍል ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶናል። ዘጠኛችን ተሰብስበን ምን እንናገር ስንባባል አንዷ እህታችን፣ “መጀመሪያ የደበቅነውን እናውጣ” አለች። ስለዚህ ከዚያው እንጀምራለን።

ባንድ ሶው ማሽኑ በደጋፊዎቻችን ገንዘብ ተገዝቶ ግቢያችን ሲገባ እልል ብላችሁ የተቀበላችሁት እናንተው ናችሁ። ከዚያ በኋላ በወጡት ሁለት ሪፖርቶች ላይ “ማሽኑ በሥራ ላይ ይገኛል” ብለን ጽፈናል። አባባሉ ሐሰት አልነበረም፤ ማሽኑ ይዞር ነበር። የሚቆርጠው ግን ጠማማ ነበር። ለስምንት ወር ያህል የረከቦት ጣውላችንን ሌላ ቤት ወስደን፣ ከፍለን ነው ያሰነጠቅነው። በራሳችን ማሽን የምንቆርጠው ብዙ ልክ የማይፈልገውን፣ ቢበላሽም ለማገዶ የሚሆነውን ብቻ ነበር።

ያልተናገርነው አፍረን ነው። ስጦታ የሰጠን ሰው ፊት ቆሞ “የሰጣችሁን አልሠራልንም” ማለት ይከብዳል። ደግሞ ማሽኑን የተከለው ባለሙያ ተጠርቶ መጥቶ፣ ሁለት ብጥስጣሽ እንጨት ቆርጦ፣ “ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ እጃችሁ ነው ያልለመደው፣ ይህ የወንድ ሥራ ነው” ብሎን ሄዷል። እውነቱን ለመናገር ግማሾቻችን አምነነው ነበር። ሦስት እህቶች ወደ እንጀራ መጋገሪያው ክፍል እንመለስ ብለው ማመልከቻ ጻፉ። ማሽኑ ይሸጥ የሚለው ሐሳብ በክፍላችን ስብሰባ ላይ ቀርቦ የወደቀው በአምስት ለአራት ድምፅ ነው።

ጥቂት ሚሊ ሜትር ምን ያህል ያጣላል የምትሉ ትኖራላችሁ። ረከቦት ስንሠራ የጎኑ ጣውላ ተልጎ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው እንፈልጋለን። የምንገዛው 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ወፍራም የዋንዛ ጣውላ ነው። ምላጩ ሲያልፍ ወደ ሰጋቱራ የሚለውጠው 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቆረጣው ቀጥ ካለ እያንዳንዱን ጣውላ በ11.5 አውጥተን፣ ጥቂቷን በፒያላ አንስተን፣ ከአንዱ ወፍራም አራት እናገኛለን። ቆረጣው ከላይ ወፍራም ከታች ቀጭን እየሆነ የሚወጣ ከሆነ ግን ለጠማማው ማስተካከያ ብለን በ15 ለመቁረጥ እንገደዳለን፤ ያን ጊዜ የምናገኘው ሦስት ነው። አራተኛው ጣውላ ሰጋቱራ ሆኖ ይጠረጋል። ከፍለን የምናሰነጥቅበት ቤት ደግሞ ክብ መጋዝ ስለሚጠቀም በአንድ ቆረጣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይበላ ነበር፤ እዚያም ቢሆን ከሦስት በላይ አናገኝም። ከአራት አንዱን እየጣልን ነበር የምንሠራው ማለት ነው።

ዋንዛ ደግሞ እንደ ባህር ዛፍ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። እኛ የምንገዛው ከገበሬ ማሳ የወጣውን ነው፤ እሱም እያነሰ እየተወደደ ሄዷል። ሰው ሠላሳና አርባ ዓመት ያሳደገውን ዛፍ ሰጋቱራ ማድረግ ከሂሳቡም በላይ ሆድ ይበላል።

አሁን ወደ ማሽኑ እንግባ። ቀርባችሁ ላላያችሁት፣ ባንድ ሶው ማለት ምላጩ እንደ ቀበቶ ጫፍና ጫፉ ተበይዶ በሁለት መዘውሮች ላይ የሚዞር መጋዝ ነው። የታችኛውን መዘውር ሞተር ያዞረዋል። የላይኛው ከፍ ዝቅ እያለ ምላጩን ይወጥራል፤ በትንሹ እያዘነበለም ምላጩ ከመዘውሩ ላይ ሳይወርድ መሃሉን ይዞ እንዲሄድ ያደርጋል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ዊልያም ኒውቤሪ የተባለ እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል፤ ነገር ግን ምላጩ ከብየዳው ላይ እየተበጠሰ ለአሥርት ዓመታት አላሠራ ብሎ ቆየ። በ1846 እ.ኤ.አ. የሚበረክት የምላጭ አበያየድ ያገኘችው አን ፖሊን ክሬፓን የተባለች ፈረንሳዊት ናት። “የወንድ ሥራ ነው” በተባልን ጊዜ ይህን ብናውቅ ኖሮ መልስ አናጣም ነበር።

ያዳኑን አንድ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ስማቸውን እንዳንጠራ ስለለመኑን ጋሼ እያልን እንቀጥላለን። ጋሼ መጥተው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሶኬቱን መንቀል ነው። ሁለተኛ፣ “ይህ ምላጭ ከተገዛ ጀምሮ ተቀይሮ ያውቃል?” ብለው ጠየቁ። “አልተቀየረም፤ ገና አልተበጠሰም” አልናቸው። ጋሼ ሳቁ። “ልጆቼ፣ ቢላዋ ሲደነዝዝ ትስሉታላችሁ ወይስ እስኪሰበር ትጠብቃላችሁ?”

ምላጩን አውርደው በጣታቸው ጎንና ጎኑን ዳሰሱት። የመጋዝ ጥርስ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ዘመም ተደርጎ ይሠራል። የኛ ምላጭ አንድ ቀን ምስማር ነክቶ ስለነበር በአንድ በኩል ያሉት ጥርሶች ዶልዱመው ነበር። አንድ ጎኑ ብቻ የሚቆርጥ ምላጭ፣ አንድ እግሩ እንዳጠረ ሰው፣ ወደ ስለታሙ ጎን እያጋደለ ይሄዳል። እኛ ደግሞ መስመሩን ሊስት ሲል በእጃችን ኃይል እንመልሰው ነበር፤ እጅ እየዛለ፣ ምላጭ እየጋለ።

ምላጭ መምረጥም አለ። የኛ ምላጭ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሱ የደቀቀ ነበር፤ ይህ ለክብና ለጥምዝ ቅርጽ የሚሆን ነው። ሰፊ ምላጭ ጥምዝ አይወድም፣ ጠባቡ ደግሞ ቀጥ ያለ መንገድ አይወድም። ለማሰንጠቅ 12 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ያለው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ ሦስት ወይም አራት ጥርስ ብቻ ያለው ያስፈልጋል። ጥርስ ሲበዛ ቆረጣ የሚያምር ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ እንጨቱ ወፍራም ሲሆን ሰጋቱራው በጥርስና ጥርስ መካከል ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ተጭኖ ነው የሚወጣው። ጎድጓዳው ትንሽ ከሆነ ቶሎ ይሞላል፣ መውጫ ያጣው ሰጋቱራ ምላጩን ይገፋዋል፣ ምላጩም እንጨቱ ውስጥ ሆድ አውጥቶ ይሄዳል። ከላይ መስመሩን ይዞ የሚታየው ቆረጣ ከፍተን ስናየው መሃሉ እንደ ገበቴ የጎደጎደው በዚህ ነበር።

ከዚያ ጋሼ ምላጩን የሚይዙትንና የሚደግፉትን ነገሮች ሁሉ ፈትተው ወደ ኋላ አሸሹ። “ምላጩ መጀመሪያ ብቻውን ይቁም፤ ድጋፍ በኋላ ይመጣል” አሉን። በመዘውሮቹ ጎማ ላይ የተጋገረውን ሰጋቱራና ሙጫ በእንጨት ፍቀው አነሱ። እኛ ያንን ቆሻሻ አይተነው እናውቃለን፣ ከቁም ነገር አልቆጠርነውም እንጂ። መዘውሩ በዞረ ቁጥር ምላጩ በዚያ እብጠት ላይ ይዘላል፣ በእንጨቱም ላይ እንደ መሰላል ደረጃ መስመር መስመር ይተዋል።

አዲሱ ምላጭ ሲገባ ጥርሱ ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ታች ማየት አለበት። ወደ ላይ ካየ ምላጩን ከውስጥ ወደ ውጪ ገልብጦ ማስገባት ነው። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ጣል እናድርግ፤ ማሽናችሁ እንደኛው ሦስት ፌዝ ከሆነ፣ የመብራት መስመር በተነካካ ቁጥር ሞተሩ ወደ የት እንደሚዞር ምላጩን አውርዳችሁ እዩ። ሁለት ገመድ ቦታ ከተለዋወጠ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ምላጩም እንጨቱን ከጠረጴዛው ላይ ያነሳዋል። በኛ ላይ ደርሷል።

ቀጥሎ መወጠር ነው። ማሽኑ ላይ የውጥረት ቁጥር የሚያሳይ ምልክት አለ፤ እኛ ግን አናምነውም፣ ምክንያቱም ስፕሪንጉ ሲደክም ቁጥሩ ይዋሻል። የላይኛውን መያዣ ከጠረጴዛው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን፣ በመሃል ምላጩን በአንድ ጣት ደህና አድርገን ወደ ጎን እንገፋዋለን። ወደ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ካፈገፈገ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ላልቷል። የላላ ምላጭ ነው ሆድ የሚያወጣው። ማታ ስንወጣ ደግሞ እናላላዋለን። ሌሊቱን ሙሉ ተወጥሮ ያደረ ምላጭ ጎማውን አንድ ቦታ ላይ ይሰረጉደዋል፣ ስፕሪንጉንም ያደክመዋል። ጠዋት የገባችው እህት ማሽኑ መላላቱን ሳታይ እንዳታስነሳ በማብሪያው ላይ ቀይ ጨርቅ እናስራለን።

ከተወጠረ በኋላ፣ አሁንም ሶኬቱ እንደተነቀለ፣ የላይኛውን መዘውር በእጃችን እያዞርን የማዘንበያውን ቁልፍ በጥቂት በጥቂቱ እናጠብቃለን ወይም እናላላለን። ምላጩ መሃሉን ይዞ ሲረጋ ቁልፉን እንቆልፋለን። የመዘውሮቹን በሮች ሳንዘጋ መብራት አንሰጥም። ይህን ስንል እንደ ደንብ ብቻ አይደለም። አሮጌው ምላጭ አንድ ቀን በሥራ ላይ እያለ ተበጥሷል፤ ድምፁ ዳቦ ቤት ድረስ ተሰምቷል ያሉ አሉ። በሩ ዝግ ስለነበር ምላጩ እዚያው ውስጥ ተጠቅልሎ ቀረ፤ ፊት ለፊት ቆማ የነበረችው እህታችን አልተነካችም። ለሦስት ቀን ግን ወደ ማሽኑ አልቀረበችም፣ እኛም አላስገደድናትም።

ጠረጴዛው ከምላጩ ጋር ቀጥ ማለቱን በስኳድራ እናያለን፤ ስኳድራው የምላጩን ጎን እንጂ የተዘመመውን ጥርስ መንካት የለበትም። ጋሼ ስኳድራ ለሌላት ያሳዩን ዘዴ አለ። ሁለት ፊቱ በፒያላ የተስተካከለ ቁራጭ እንጨት ላይ ትንሽ ቆርጠን ገብተን እናቆማለን። እንጨቱን አውጥተን፣ ገልብጠን፣ ማሽኑ ቆሞ እያለ ከምላጩ ጀርባ እናመጣዋለን። ስንጥቁ የምላጩን ጀርባ ሳይነካካ ከዋጠው ጠረጴዛው ቀጥ ብሏል። ካልዋጠው ጠማማነቱ እጥፍ ሆኖ ይታያል።

አሁን ነው የድጋፉ ተራ። ምላጩን ግራና ቀኝ የሚይዙ ሁለት መያዣዎች፣ ከጀርባውም ሲገፋ የሚቀበለው ኩሽኔታ አለ፤ ከጠረጴዛው በላይም በታችም። ስምንት ወር ሙሉ ያበላሸነው እዚህ ላይ ነው። ምላጩ ሲያፈነግጥ “እንያዘው” እያልን የጎን መያዣዎቹን አጥብቀን ከምላጩ ጋር አጣብቀናቸው ነበር፤ ጥርሱን ጭምር ነክሰውት ነበር። የጥርሱን ዝማሜ ያጠፋነው ምስማሩ ብቻ አይደለም፣ እኛም ነን። ትክክለኛው አንድ ስስ ወረቀት በምላጩና በመያዣው መካከል አስገብቶ፣ መያዣውን ወረቀቱ እስኪነካ አቅርቦ ማጥበቅ፣ ከዚያም ወረቀቱን መሳብ ነው። መያዣው ከጥርሶቹ ጎድጓዳ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ ምላጩ ሲገፋ እንኳ ጥርሱ መያዣው ላይ እንዳይደርስ። የጀርባው ኩሽኔታ ማሽኑ ባዶውን ሲዞር መዞር የለበትም። እንጨት ሲገፋ ብቻ ነው የሚዞረው። ክፍተቱን በአንድ የካርድ ውፍረት እንለካለን። የላይኛው መያዣ ደግሞ ከምንቆርጠው እንጨት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይላል። ይህ ለቆረጣውም ለጣትም ነው፤ ያልተሸፈነ ምላጭ በረዘመ ቁጥር ይወላገዳል፣ ጣትም ያገኛል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ምላጭ ጥቂት የራሱ ባሕርይ አለው። ማስደገፊያው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ቀጥ ቢልም ምላጩ ትንሽ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መሄድ ሊፈልግ ይችላል። ጋሼ እንዲህ አሳዩን፤ ጠርዙ ቀጥ ባለ እንጨት ላይ ከጠርዙ እኩል የራቀ መስመር እናሰምራለን። ያለ ማስደገፊያ፣ በእጃችን ብቻ እየመራን መስመሩን ተከትለን እስከ ግማሽ እንቆርጣለን። እዚያ ላይ እንጨቱን ሳናንቀሳቅስ ማሽኑን እናጠፋለን። እንጨቱ የቆመበት አቅጣጫ ያ ምላጭ የሚወደው አቅጣጫ ነው፤ ማስደገፊያውን በዚያው ልክ እናስራለን። መዘውሩን በጥቂቱ አዘንብሎ ምላጩን ራሱን ወደ ቀጥታ ማምጣት ይሻላል የሚሉ ባለሙያዎችም አሉ። ሁለቱንም ሞክረናል። ለኛ የቀለለው የጋሼ ነው፣ ምክንያቱም ምላጭ በተቀየረ ቁጥር አምስት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ማዘንበሉ ብዙ ከሆነ ግን ማስደገፊያውን ከማጣመም ምላጩን መመርመር ይሻላል፤ ደንዝዟል ማለት ነው።

በመጨረሻም ጋሼ፣ “በሉ ቁረጡ” አሉ። ለመቁረጥ የተመረጠችው ማመልከቻ ከጻፉት ሦስቱ አንዷ ናት። 16 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ዋንዛ ነበር። በዝግታ፣ ምላጩ በሚበላው ፍጥነት ብቻ፣ የመጨረሻውን ደግሞ በመግፊያ እንጨት ገፍታ ጨረሰች። ጣውላውን አንስታ በመለኪያ አራቱንም ጥግ ለካችው። ከላይና ከታች ያለው ልዩነት ግማሽ ሚሊ ሜትር አልሞላም። ማንም አልተናገረም። ከዚያ ጋሼ፣ “የሴት እጅ ነው ያሉት እነማን ነበሩ?” ብለው ሲጠይቁ ነው ሳቅ የመጣው። ማመልከቻዎቹ አሁንም ጸሐፊዋ ዘንድ አሉ፤ ማንም መልሱልኝ አላለም፣ ማንም ግን ከክፍሉ አልወጣም።

ለአዲስ ገቢ እህቶች ሁለት ቃል ብቻ፦ ነጠላችሁንና የሻሻችሁን ጫፍ፣ አምባራችሁንም ከማሽኑ ፊት አውጡ። ማሽን ሲዞር ጓንት አይደረግም፤ ምላጩ ጓንቱን ከያዘ እጅንም ይዞ ይሄዳል። እንጨቱም መድረቁን እዩ፤ እርጥብ ጣውላ ቀጥ ብሎ ተሰንጥቆ በማግሥቱ ሲጠማዘዝ በማሽኑ ላይ አታላክኩ።

ከማኅበሩ ጋር የተነጋገርንበት ሌላ ጉዳይ አለ፤ እሱ ክርክርም አስነስቷል። በክፍላችን ገቢ የሚከፋፈለው እያንዳንዷ በሠራችው ረከቦት ቁጥር ነው። ማሽኑን ስታስተካክል የዋለች እህት ግን ምንም አልሠራችም ተብላ ትቆጠር ነበር። ሰኞ ጠዋት ምላጩን ለማየት፣ ጎማውን ለመጥረግ፣ መያዣዎቹን ለመለካት አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ያንን አርባ ደቂቃ ከኪሷ እንድትከፍል ስለተፈረደባት ሁላችንም ሶኬቱን ሰክተን መቁረጥ እንመርጥ ነበር። ማሽኑን ያበላሸው አንዱ ምክንያት ይህ የሂሳብ አያያዛችን ነው። አሁን ማስተካከሉ በተራ ነው፣ ተረኛዋም በሳምንቱ አንድ ረከቦት እንደሠራች ይቆጠርላታል። ሁለት እህቶች ይህ በዝቷል ይላሉ። እነሱም ተራቸው ሲደርስ እናያለን።

ደጋፊዎቻችን፣ የምንለምናችሁ ሁለተኛ ማሽን አይደለም። ባለፈው ዓመት በዕቅዱ ላይ የቀረበው “ተጨማሪ ባንድ ሶው” ይውጣና በምትኩ “ምላጭ” ይግባ፤ ሰፊ ለማሰንጠቅ፣ ጠባብ ለጥምዝ፣ ተቀያሪ እንዲኖረን። ጥሩ ስኳድራም አንድ። ከዚህ በኋላ ለሌላ ቡድን ማሽን ስትሰጡ ደግሞ የማስተካከያውን ትምህርት የሚሰጥ ሰው ለአንድ ሳምንት አብሮት ይምጣ፤ ለግማሽ ቀን መጥቶ ሁለት እንጨት ቆርጦ የሚሄድ ሳይሆን። በሪፖርታችንም ላይ ከእንግዲህ “በሥራ ላይ ይገኛል” አንልም፤ ከአንድ ወፍራም ጣውላ ስንት እንዳወጣን ቁጥሩን እንጽፋለን።

አሁን ሁለት ጣውላ እያዞርን እናሳያችኋለን። ጥቁር ምልክት ያለበት ከጋሼ በፊት የቆረጥነው ነው፤ በጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ጥጉን ብትጫኑት ሲወዛወዝ ታዩታላችሁ። ሌላው የትናንት ነው። እሱን አይታችሁ መልሱልን፤ ነገ ጠዋት ተላግቶ ለአንዲት ሙሽራ ረከቦት ይሆናል።